አስታማሚው የማን ነው?

መሞታቸውን ከቢሮው ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ቢሮው ግን እንደ ደንቡ በቴሌግራም ግሩፕ ነው የነገረን። «የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባና አንጋፋው ኢኮኖሚስት ዶክተር ደቻሳ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ ለቀብር የምትሄዱ ሠራተኞች ሰርቪስ የሚነሳው ከግቢ መሆኑን እንገልጻለን።» ከሥሩ የተጋጠሙ እጆች ምስል ተደረደረ። አንዱ ደግሞ ሰርቪሱ በጳውሎስ በኩል ያልፍ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ «አንጋፋው ኢኮኖሚስት» የሚለው ላይ ቀረሁ። አናደደኝ። ጋሽ ደቻሳ ኢኮኖሚስት መባልን እንዴት ይጠሉ እንደነበር ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አያውቅም፤ ቢያውቅም ሌላ የሚጽፈው አልነበረውም።

በዚያው ስልክ ላይ ሌላ ገጽ ተከፍቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ ማመልከቻ። ስሜን፣ የሥራ ልምዴን፣ የመሥሪያ ቤቴን ድጋፍ ሁሉ አስገብቼ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ የትምህርት መስክ የሚለው። መሥሪያ ቤታችን ለዶክትሬት ሰው የሚልከው አልፎ አልፎ ነው፤ ተራዬ ካመለጠኝ ተመልሶ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሞኝ ነው። ከተማሩ በኋላም የተማሩትን ያህል ጊዜ እጥፍ አድርጎ ማገልገል በውል የታሰረ ነገር ነው። ስለዚህ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የምጽፈው ቃል ቀሪውን የሥራ ዘመኔን ይዞ ይሄዳል። ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበር፤ የምጠይቀው ሰው ደግሞ ሞተብኝ።

የምንሠራው ፖሊሲ የሚረቀቅበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከእኛ መሃል የሚያስተምር የለም፣ መጽሐፍ የሚያሳትምም የለም። የምንጽፈውን የሚያነቡት ኃላፊዎች ናቸው፤ እነሱም ካነበቡ። እኔ ስቀጠር ጋሽ ደቻሳ መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ረጅም፣ ትከሻቸው ወረድ ያለ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ኃላፊዎቹ «ዶክተር» ይሏቸዋል፤ እኛ ጋሽ ደቻሳ ስንላቸው ግን ፊታቸው ይፈታል። ረቂቅ ሲሰጣቸው የሚጀምሩት ከመጨረሻው ገጽ ነው። መነጽራቸውን ወደ ራሰ በራቸው ይገፉና ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳርፈው ይጠይቃሉ።

«ይህ የማን ነው?»

የማን ነው ሲሉ በጀት ይዞ፣ ሰው መድቦ የሚሠራው፣ ሳይሠራ ቢቀር ደግሞ የሚጠየቅበት የትኛው ቤት ነው ማለታቸው ነው። «የሚመለከታቸው አካላት ሁሉ በቅንጅት ይሠሩታል» ብሎ የጻፈ ሰው ከጋሽ ደቻሳ ጠረጴዛ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚመለሰው። «በቅንጅት ማለት የማንም አይደለም ማለት ነው» ይሉታል። እኔንም ብለውኛል፣ ያውም ሰው ፊት። ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው።

ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጡት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሁለታችንም የጉለሌ ሰዎች ነን፤ እኔ ቤቴ ወደ ዊንጌት ነው፣ እሳቸው ከጳውሎስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከሥራ ስንወጣ በአንድ ታክሲ እንሄድና ጳውሎስ ስንደርስ «ሻይ እንበል» ይላሉ። የሚቀመጡባት ካፌ ከሆስፒታሉ ማዶ ናት፤ ወንበራቸውን ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ያዞሩታል። ፔርሙስ ያንጠለጠለ፣ ሳህን በጨርቅ የቋጠረ ሰው ሲያልፍ ሻያቸውን ይረሱታል።

«ያቺን አየሻት ሰላም? አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ያደረገችውን።»

«አየኋት።»

«ከሩቅ ነው የመጣችው። ጫማው አዲስ ነው፣ እዚሁ በሩ ላይ የተገዛ። ስትመጣ ውላ የምትመለስ መስሏት ነበር።»

አንዳንዴ ተነስተው ይሄዱና «አካም ጅርቱ» ብለው ያናግሯታል፤ ኦሮምኛ የምትሰማ ከሆነች ወሬው ይረዝማል። እኔ ሻዬን ጨርሼ፣ የሳቸውም ቀዝቅዞ፣ ተመልሰው የሚነግሩኝ ማን እንደታመመባትና የት እንደምታድር ነው። የት እንደምታድር ሳይጠይቁ አይመለሱም።

በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። አንዱ አልጋ ሲይዝ ሌላው ሥራውን ትቶ አብሮት ይመጣል። ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ ናሙና ያደርሳል፣ ውጤት ያመጣል፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። አስታማሚ ይባላል። ከተማ ውስጥ ዘመድ ካለው እሰየው፣ ከሌለው ማደሪያው የራሱ ጣጣ ነው። የጋሽ ደቻሳ እናት ወለላቸው ላይ ፍራሽ እየዘረጉ እነዚህን ሰዎች ያሳድሩ ነበር። ጋሽ ደቻሳ ያደጉት በሚመጡና በሚሄዱ እንግዶች መሃል ነው። «እኔ እኮ» ብለውኛል አንድ ቀን፣ «ሰው አፉን በጋቢ አፍኖ ሲያለቅስ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የለመድኩት።»

አድገው ፖሊሲ የሚጽፉበት ቤት ሲገቡ ያንን ይዘው ገቡ። አስታማሚው የማን ነው? የጤናው መሥሪያ ቤት «የእኛ በሽተኛው ነው» ይላል። የማኅበራዊ ጉዳዩ «ይህ ሰው አገሩ ቤትም መሬትም አለው፣ ችግረኛ አይደለም» ይላል። የከተማው ደግሞ «ነዋሪያችን አይደለም» ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ ክፉ ሰው ከመሃላቸው የለም። ጋሽ ደቻሳን የሚያብከነክናቸውም ይኸው ነበር፤ የሚጣሉት ሰው አጡ።

ዶክትሬት ልማር ያሉት ያኔ ነው። «ስብሰባ ላይ ስናገር ሰው ስልኩን እንዲያስቀምጥልኝ ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም» ይሉ ነበር። ጥያቄያቸውን ይዘው ሦስት የትምህርት ክፍል አንኳኩ። የኅብረተሰብ ጤናው መምህር አስታማሚ ብቻውን ርዕስ አይሆንም፣ በሽተኛው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ካጠናህ እሺ አሏቸው። የሶሺዮሎጂዋ መምህርት ግን ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ ሰምተው ሲጨርሱም «ይህማ የእኛ ነው» አሉ። ጋሽ ደቻሳ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል።

«የእኛ ነው ያለኝን ቤት ትቼ ወጣሁ» ይላሉ። «ስብሰባችንን ታውቂው የለ። ስንት ያስወጣል፣ ስንት ያስገባል፣ በቃ። ሶሺዮሎጂስት ሲናገር ሻይ ይቀርባል። በሚሰሙት ቋንቋ ልናገር ብዬ ኢኮኖሚክስ ገባሁ።»

ገቡ። አማካሪያቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፋት ነበረባቸው ወይ ብዬ ጋሽ ደቻሳን ብጠይቅ አንድም አላገኙላቸውም። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መረጃው የት አለ? መረጃ አልነበረም። የማንም ያልሆነን ሰው ማን ይመዘግበዋል? ስለዚህ ርዕሱ መጀመሪያ ትንሽ ተከረከመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ የተረፈው የሆስፒታል አልጋ አጠቃቀም ነው፤ አልጋ መዝገብ አለው። ጋሽ ደቻሳ ወጣትነታቸው አልፎ፣ ጸጉራቸው አልቆ፣ ስለ አልጋ ተመርቀው ወጡ። አልጋው አጠገብ ወለል ላይ ስለሚተኛው ሰው የጽሑፋቸው መግቢያ ላይ አንድ አንቀጽ ነበር፤ እሱንም ገምጋሚዎቹ አስወጡት።

ይህን ሁሉ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ሳቃቸው ያበቃው እኔ ቃለ ጉባኤ በያዝኩበት አንድ ስብሰባ ላይ ነው።

ትልቅ የስትራቴጂ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት ባለሙያ፣ ከየት አምጥታው እንደሆነ እንጃ፣ በየሪፈራል ሆስፒታሉ አቅራቢያ የአስታማሚ ማረፊያ ይሠራ የሚል አንቀጽ አስገብታለች። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ታየ። ጋሽ ደቻሳ ሲያዩት እጃቸው ኮታቸው ቁልፍ ላይ ቀረ። ሰብሳቢው አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁሉም አስቀመጡ።

«ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ መስክ ነው። ወጪውን የሚመልስ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ነገር አለን?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወደ ራሳቸው አልገፉትም፣ በእጃቸው ያዙት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አለ ቢሉ ያምኗቸዋል፤ ማንም ማስረጃ አይጠይቃቸውም ነበር። እኔ እስክሪብቶዬን አንስቼ አለ የሚለውን ቃል ለመጻፍ ተዘጋጅቻለሁ።

«የለንም» አሉ። «ጥቅሙን የሚያሳይ መረጃ እስካሁን የለንም።»

«እንግዲያው ይቆየን» አለ ሰብሳቢው። ኮምፒውተሩን የያዘው ልጅ አንቀጹን አጠቆረው፣ አጠፋው። ከሥሩ ያለው ወደ ላይ ወጥቶ ቦታውን ያዘ። ባለሙያዋ ቀና ብላ ጋሽ ደቻሳን አየቻቸው፤ እሳቸው አላዩዋትም።

የዚያን ቀን ታክሲ አልያዝንም። እስከ ጉለሌ በእግራችን ነው የሄድነው፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ። ካፌዋ ጋ ሲደርሱ አልተቀመጡም።

«እኮ ውሸት ተናገርኩ?» አሉኝ።

«አልተናገሩም ጋሽ ደቻሳ። መረጃ የለም፣ የለም ነው ያሉት።»

«ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ያለ መረጃ አትናገር፣ ያለ መረጃ አትናገር እየተባልኩ ነው ዓመት ከዓመት የተቀጠቀጥኩት። እሷ አንቀጽ ቤታችን ናት እኮ ሰላም። የእናቴ ወለል ናት። ባፌ የመለሰው ሌላ ሰው ነው፣ ዶክተሩ ነው የመለሰው።»

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ወደ ድሮ ማንነታቸው አልተመለሱም። ሥራ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ «ይህ የማን ነው?» ማለትም ቀረ። የቀራቸው ጉዳይ እኛ ነበርን። የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወጣቶቹን አንድ በአንድ ይይዛሉ። ምን ልትማር ነው? ለምን? ከዚያ ስትመለስ ማን ይሰማሃል? ምን ትለዋለህ? ሰው በጠረጴዛቸው በኩል ማለፍ አቆመ። ምክራቸው ደግሞ አይያዝም። ሰኞ «ኢኮኖሚክስ ግቢ፣ ያለ እሱ በሩንም አይከፍቱልሽ» ይሉኛል፤ ሐሙስ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘው «እንዳትገቢ» ይሉኛል። አንዴ ቢቸግረኝ ሕግ ብማርስ አልኳቸው። «ሕግም ያው ነው፣ የሌለ ሰው መብት የለውም ይሉሻል» አሉ። ሌሎቹ አብደዋል ይሉ ነበር። እኔ እንዳላበዱ አውቃለሁ፤ የሚያውቁትን መንገድ ሁሉ ሄደው ሁሉም ዝግ ሆኖባቸው ነው።

እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የምፈልገው እድገቱን ነበር። የቡድን መሪነት ለዶክተር ነው የሚሰጠው። ጥያቄሽ ምንድነው ሲሉኝ መልስ የለኝም፤ በአንድ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ፊት ጥያቄ የለኝም ማለት ያሳፍራል። ሻዬን አማስላለሁ።

ከዚያ ታመሙ። ሲያማቸው ቆይቶ ኖሮ ሲታዩ ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ሥር ሰዷል። አግብተው አልወለዱም። እህታቸው አምቦ ናቸው፣ አርጅተዋል፣ መንገድ አይችሉም። የመሥሪያ ቤታችን ዕድር ተሰብስቦ የማስታመም ተራ አወጣ፤ ሲጀመር ብዙ ሰው ነበር፣ እየቆየ ሰዉ ሳሳ። ቀን ቀን የቀረሁት እኔ ነኝ። ዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ።

መጀመሪያ ቀን በቢሮ ጫማዬ ነው የሄድኩት። ደም ወስጄ፣ ራጅ ተቀብዬ፣ አንድ መርፌ ፍለጋ እስከ ዊንጌት ወርጄ ስመለስ እግሬ ጫማዬን እምቢ አለ። ከበሩ ፊት ለፊት ከተዘረጋው ላይ ነጠላ ጫማ ገዛሁ፤ ቀይ ነው፣ ሌላ ቀለም አልነበረውም። ፔርሙሴን አንጠልጥዬ ክፍሉ በር ላይ ብቅ ስል ጋሽ ደቻሳ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቆመ።

«ከሩቅ የመጣሽ መሰልሽ» አሉኝ። ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሾርባውን ለመቅዳት ብዙ ጊዜ ወሰድኩ።

አስታማሚ መሆን ሥራ ነው። ከሥራም ሥራ ነው። በሽተኛህ ሲያቅለሸልሸው የትኛው ጎኑ እንደሚሻለው ታውቃለህ፤ ሐኪሙ ሲጠይቅ የምትመልሰው አንተ ነህ። ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ እንወጣና አጥሩ ሥር እንቀመጣለን። እዚያ የማይታወቅ ነገር የለም። የትኛው ፋርማሲ የትኛው መድኃኒት እንዳለው፣ ማን ዛሬ እንደወጣ፣ ማን ሬሳ ሆኖ እንደሄደ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ባሏ ከተኛ ጀምሮ እርሻቸው ሳይታረስ እንደቀረ ነገረችኝ። ይሄኔ ስንት እርሻ ሳይታረስ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሄድ እዚህ አጥር ሥር ተቀምጦ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሳላስበው ጥያቄ ያዘኝ። ሮጬ ገብቼ ልነግራቸው ፈለግሁ።

ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ታዲያ ምን ልትማሪ ነው?» አሉ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ማመልከቻው ሊዘጋ ነው።»

«አላውቅም።»

«ጋሽ ደቻሳ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም እኮ።»

«አላውቅም አልኩሽ» አሉ። ድምፃቸው ለወትሮው እንዲህ አልነበረም፤ ልመና ነበር የሚመስለው። «ሶሺዮሎጂ ብገባ ኖሮ እውነቱን እጽፈው ነበር፣ ማንም አያነበውም። እዚህኛው ገባሁ፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማኝ፣ የምለው ግን ጠፋኝ። የቱ ይሻላል? ንገሪኝ እስቲ አንቺ። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው። አላወቅሁትም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ተስፋ መቁረጥ ይጋባል፣ ያን ቀን ተጋባብኝ። ማታ ሌላ ሰው ተካኝና ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ እንደ ወትሮው ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አንዲት ነርስ እስከ በሩ መጥታ «የአቶ ደቻሳ አስታማሚ ማነው?» ብላ ተጣራች። «እኔ» አልኩ። ነርሷ ቀስ ብላ ክንዴን ስትይዘኝ አወቅሁት። ሴቶቹም አወቁት፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱልኝ።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ በኢኮኖሚክስ የሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። ስለ እናታቸው ወለል የተነበበ የለም፤ የጻፈው ቢሮው ነው። በንዴት ከቀብር እንደተመለስኩ ስልኬን አውጥቼ ባዶውን ቦታ ሞላሁት። ኢኮኖሚክስ። እሳቸውን ያጠፋቸው የመረጃው አለመኖር እንጂ መስኩ አይደለም፣ መረጃውን እኔ እሠራዋለሁ፣ ያቺን አንቀጽ ይዤ እዚያ ክፍል እመለሳለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት መምህራን ናቸው፣ ትሑት ሰዎች። ያሰብኩትን ነገርኳቸው፤ አስታማሚው ሥራውን ትቶ ሲመጣ አገሩ ውስጥ የሚቆመው ነገር ምን ያህል ነው። መሃል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ በጥሞና ሰሙኝና ፈገግ አሉ።

«መረጃው የት አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ የምሰበስበው።»

«ብቻሽን? በሦስተኛ ዲግሪ ጊዜ አይሆንም። ግን አትዘኚ፣ ቅርብ የሆነ ርዕስ አለልሽ። የአልጋ አጠቃቀም። ዶክተር ደቻሳ የሚባል ሰው ግሩም አድርጎ ጀምሮታል። ከእሱ ጽሑፍ ብትነሺ መንገዱ ተጠርጎልሻል።»

ወለሉን አየሁ።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «አስታምሜያቸዋለሁ።»

ነፍስ ይማር አሉ፣ መሞቱን አልሰማንም አሉ። ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ሽማግሌው ርዕሱን ከቀየርኩ እንደሚቀበሉኝ፣ አስቤበት እስከ ነገ እንድደውል ነገሩኝ።

ጳውሎስ ከታክሲ ስወርድ አንዲት ሴት ጠራችኝ። በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው ሳህን ይዛ የሆስፒታሉ መግቢያ ጠፍቷታል። ነጠላ ጫማዋ ሰማያዊ ነው፣ ገና አልቆሸሸም። ፔርሙሱን ተቀብዬ እስከ በሩ አደረስኳት። ዘበኛው እሷን ጠይቆ አሳለፋትና እጄን አየ። ፔርሙሱ እኔው ጋ ቀርቶ ነበር።

«አንቺስ የማን አስታማሚ ነሽ?»

አፌ ለምዶብኝ «የጋሽ ደቻሳ» አልኩ።

«የት ነው የተኙት?»

ፔርሙሱን ሰጠሁት፣ ለሴትየዋ እንዲያቀብላት። የምሄድበት ጠፍቶኝ አጥሩ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ የማውቃቸው ሴቶች ተለውጠዋል፣ ቦታው ግን ያው ነው። ነገ እስኪመጣ መቆየት አልቻልኩም። እዚያው ሆኜ ለሽማግሌው ደወልኩና ርዕሴን አልቀይርም አልኳቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ነበር።

«እንግዲያው የእኛ አይሆንም» አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ፊቴን አየችና ካርቶኗን ገፋ አድርጋ ግማሹን ለቀቀችልኝ።

«ማን ታሞብሽ ነው?» አለችኝ።